ልቡ የታመመ አጫሽ የሳንባ ካንሰር ምርመራ ሲያስብ

ደሴ ላይ የልብ ክትትል ያለው፣ 60 ዓመት ያለፈውና ለረጅም ዘመን ሲጋራ ያጨሰ ሰው «ሳንባዬንስ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ራጅ ተነሣ» የሚል ነው። ራጁ ንጹሕ ሆኖ ከመጣ ቤተሰቡም «አብሽር፣ ምንም የለብህም» ይለውና ነገሩ ይዘጋል። መልሱ ግን በሁለት በኩል ጎደሎ ነው። ራጅ ሕመም ያልተሰማውን ሰው የሳንባ ካንሰር ቀድሞ ለመያዝ አይጠቅምም። በዚያ ላይ፣ ልቡ የታመመ ሰው ማንኛውም መሣሪያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሊመለስለት የሚገባ ጥያቄ አለ፦ አንድ ነገር ቢገኝበት ልቡ ሕክምናውን ይችለዋል ወይ? የሳንባ ምርመራው ከልብ ሕክምናው ተነጥሎ ከታሰበ፣ ሰውየውን ከመጥቀም ይልቅ ሊጎዳው ይችላል።

ከራጁ እንጀምር። (የምጠቅሳቸው የጥናት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካ ውስጥ ከ55 እስከ 74 ዓመት የሆናቸው 155,000 ያህል ሰዎች የተካፈሉበት ትልቅ ጥናት ውጤቱ በ2011 ታትሟል። ግማሾቹ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በድምሩ እስከ 4 ጊዜ የደረት ራጅ ተነሡ፤ ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምናቸውን ብቻ ቀጠሉ። እስከ 13 ዓመት ተከታትለው ሲያዩ በሳንባ ካንሰር በሞቱት ሰዎች ቁጥር ላይ ልዩነት አልተገኘም። ራጅ ደረትን በአንድ ጠፍጣፋ ምስል ስለሚያሳይ፣ ከጎድን አጥንት፣ ከትከሻ አጥንትና ከልብ ጥላ ጀርባ ያለች ትንሽ ነገር ትሰወራለች። ልቡ የሰፋ ሰው ላይ ደግሞ ያ ጥላ ይተልቅና የግራ ሳንባውን የታችኛውን ክፍል ይበልጥ ይሸፍነዋል።

ለውጥ ያመጣው በአነስተኛ ጨረር የሚነሣው ሲቲ ስካን ነው። እዚያው አሜሪካ በ2002 የተጀመረው ጥናት 53,454 ብዙ ያጨሱ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን በዓመት አንድ ጊዜ ለ3 ዓመት በሲቲ ስካን፣ ሌላውን በራጅ አየ። በሲቲ ስካኑ ወገን በሳንባ ካንሰር የሞተው ሰው በ20 በመቶ ያነሰ ሆነ። ኔዘርላንድስና ቤልጅየም ውስጥ ተደርጎ በ2020 የታተመው ደግሞ በ10 ዓመት ውስጥ በወንዶች ላይ የ24 በመቶ ቅናሽ አሳየ። ሰዎቹ የተረፉት ካንሰሩ ገና በቀዶ ሕክምና ሊወጣ በሚችልበት ደረጃ ስለተገኘ ነው። የምርመራው ጥቅም በሙሉ የተንጠለጠለው ከተገኘ በኋላ ማከም በመቻሉ ላይ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚያ ነው የሚነሣው።

ማን ይመርመር? የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል በ2021 ያወጣው ምክር ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 ለሆነ፣ ቢያንስ 20 ፓኮ-ዓመት ላጨሱ፣ አሁንም ለሚያጨሱ ወይም ካቆሙ 15 ዓመት ላልሞላቸው ሰዎች ነው። በአገራችን በመንግሥት የተዘረጋ የሳንባ ካንሰር ቅድመ ምርመራ ፕሮግራም ስለሌለ፣ ውሳኔው የሐኪሙና የታካሚው ነው፤ መነሻ የሚሆነውም እንዲህ ያለው የውጭ መስፈርት ነው።

ፓኮ-ዓመት ማለት በቀን የሚጨሰው ፓኮ በተጨሰበት ዓመት ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። አንድ ፓኮ 20 ፍሬ አለው። በቀን አንድ ፓኮ ለ20 ዓመት ያጨሰ ሰው 20 ይሆናል። በቀን 10 ፍሬ ለ40 ዓመት ያጨሰም እንደዚሁ 20 ነው። በቀን 5 ፍሬ ለ30 ዓመት ያጨሰ ግን 7.5 ላይ ይቆማል። እኛ ዘንድ ስሌቱን የሚያበላሸው ሲጋራ በፍሬ መገዛቱና ከጫት ጋር መያያዙ ነው። «በቀን ስንት ታጨሳለህ?» ሲባል ሰው የሚመልሰው የሥራ ቀኑን ነው፤ በርጫ ላይ የሚያልቀውን አይቆጥረውም። ስለዚህ በሳምንት ቁጠሩት። በሳምንት 3 ቀን በርጫ ላይ አንድ አንድ ፓኮ የሚጨርስ ሰው በሳምንት 60 ፍሬ፣ በ35 ዓመት 15 ፓኮ-ዓመት ይደርሳል። በቀሩት 4 ቀናት 5 5 ፍሬ ከጨመረ ግን ሳምንቱ 80 ፍሬ ይሆንና በዚያው 35 ዓመት ልክ 20 ይገባል። ያቺ «አልቆጥራትም» የምትባለው ናት ሰውየውን ከመስፈርቱ ውጭ ወይም ውስጥ የምታደርገው።

ጋያና ሺሻ በዚህ ስሌት ቦታ የላቸውም፤ ለሐኪሙ ለብቻቸው ይነገሩት። ዕድሜዋን ሙሉ በእንጨትና በኩበት ጭስ ስታበስል የኖረች እናትም ሳንባዋ ይጎዳል፤ ምርመራው እንደሚጠቅም የተረጋገጠው ግን ሲጋራ ባጨሱ ሰዎች ላይ ስለሆነ፣ እሷን በዚህ መስፈርት መላክ አይቻልም። እሷ ትንፋሽ ካጠራት ወይም ካሳላት እንደ ታማሚ ትታያለች።

አሁን ወደ ልቡ። «የልብ በሽተኛ» ስንል ማንን እንደሆነ መለየት አለብን። በልጅነቱ በጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የልብ ቫልቩ የተጎዳ፣ ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለበት ወጣት ካላጨሰ ይህ ምርመራ አይመለከተውም። ደም ግፊት ብቻ ያለበት አጫሽም እንደማንኛውም አጫሽ ይታያል። የምናገረው የልቡ ደም ሥር ጠቦ ዳገት ሲወጣ ደረቱን ስለሚያመው፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ስለደረሰበት፣ የጠበበ የልብ ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ (ስቴንት) ስለገባለት፣ ስትሮክ ስለመታው፣ የእግሩ ደም ሥር ስለጠበበበት ወይም የልብ ድካም ስላለበት አጫሽ ነው። ይህ ሰው ሳንባውንም ልቡንም ያስታመመው አንድ ጭስ ስለሆነ ለሳንባ ካንሰር ያለው ተጋላጭነት ከፍ ያለ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ካንሰሩ ሳይደርስበት ልቡ ሊቀድመው ይችላል። በዚያው 53,454 ሰዎች በተካፈሉበት ጥናት ከሞቱት ሩብ ያህሉን የወሰደው የሳንባ ካንሰር ሲሆን፣ የልብና የደም ሥር በሽታም የዚያኑ ያህል ወስዷል።

ስለዚህ ሦስት ዓይነት ሰው ይኖራል። አንደኛው ስቴንት ከገባለት ዓመት ያለፈው፣ መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድ፣ ከሰኞ ገበያ ወደ ቤቱ ዳገቱን ሳይቆም የሚወጣ የ62 ዓመት ሰው ነው። ፓኮ-ዓመቱ ከሞላ ይህ ሰው ይመርመር። ሁለተኛው ልብስ ሲቀይር ወይም አልጋ ላይ ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ በልብ ድካም የሚተኛ ሰው ነው። ይህን ሰው ለሳንባ ካንሰር መመርመር የለብንም። ምክሩን ያወጣው ግብረ ኃይል ራሱ፣ ዕድሜን የሚያሳጥር ሌላ ሕመም ያለበት ወይም የሳንባ ቀዶ ሕክምና የማይችል ወይም የማይፈልግ ሰው ምርመራው እንዲቀርለት ይላል። ልጆች በፍቅር ከአዲስ አበባም ከዓረብ አገርም ገንዘብ ልከው «አባባ ሙሉ ምርመራ ይደረግለት» ሲሉ ይህን መስማት ይከብዳቸዋል። ያንን ገንዘብ ግን ለኢኮ (ለልብ አልትራሳውንድ)፣ ለኩላሊትና ለፖታሲየም ምርመራ፣ የወሩ መድኃኒት ሳይቋረጥ ለመግዛት ቢያውሉት አባታቸውን በእርግጥ ይጠቅሙታል።

ሦስተኛው በመካከል ያለው ነው፤ በምርመራው ውሳኔ ላይ የሚያስቸግረውም እሱ ነው። የልብ ድካም አለበት፣ ግን ይንቀሳቀሳል። ለዚህ ሰው መጀመሪያ ኢኮ ይሠራለት፣ ከተገኘ የትንፋሽ አቅም መለኪያ ስፓይሮሜትሪ ይጨመርለት፣ ከዚያ ደረጃ ይውጣ። የሳንባ ቀዶ ሐኪሞች ከሚጠቀሙባቸው ቀላል መለኪያዎች አንዱ ይህ ነው፦ ሳያርፍ በደረጃ 22 ሜትር ከፍታ የወጣ ሰው ቀዶ ሕክምናውን የመቋቋም ዕድሉ ጥሩ ነው። አንድ ፎቅ 3 ሜትር ገደማ ነው ብንል 7 ፎቅ ያህል ማለት ነው። ሁለት ፎቅ ሳይቆም መውጣት የማይችል ከሆነ ሐኪሙ በጥልቀት ሳይመረምረው ወደ ሲቲ ስካን መላክ አያስፈልግም። ደረት የሚያመው ሰው ይህን በቤቱ አይሞክረው፤ የጤና ባለሙያ አብሮት፣ የጣት ኦክሲጅን መለኪያ ይዞ ነው የሚሠራው። መለኪያው በእንቅስቃሴ ላይ ከመነሻው ከ4 ነጥብ በላይ ከወረደ ማስጠንቀቂያ ነው። መነሻውን እዚያው ቦታ ለኩ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ስለሆኑ፣ ኮምቦልቻ የተለካው ቁጥር ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ከሕመም አይቆጠርም።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ድንገተኛ የልብ ሕመም ከደረሰ በኋላ ቢያንስ 60 ቀን ሳይሞላ አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና አይሠራም። ስቴንት የገባለት ሰው ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉትን አስፒሪንና ክሎፒዶግሬልን አንድ ላይ እንደ ሁኔታው 6 ወር ወይም 12 ወር ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ክሎፒዶግሬሉን ማቋረጥ ስቴንቱ ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህም ሊገድል ይችላል። እንግዲህ በእነዚህ ወራት ሲቲ ስካን ተነሥቶ አንድ አጠራጣሪ ነገር ቢገኝ፣ ናሙና ለመውሰድ መድኃኒቱን ማቆም አይቻል፣ ሳይነካ ለመተውም ጭንቀቱ እንቅልፍ አይሰጥ። የመጀመሪያውን ምርመራ ያ ጊዜ እስኪያልፍ ማቆየት ይሻላል። ሰውየው ምንም የካንሰር ምልክት ከሌለው በማቆየቱ የሚያጣው ጥቂት ነው።

እግር ያበጠበት፣ ክብደቱ በሳምንት ውስጥ የጨመረ ሰውም መጀመሪያ ውኃው ይቀነስለት። ልብ ሲደክም ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ ሲቲ ስካኑ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር፣ የወፈሩ መስመሮች፣ በሳንባ ሽፋን ውስጥ ውኃ፣ አንዳንዴም በደረት መሃል የተለቁ የሊምፍ ዕጢዎች ይታያሉ። ይህን ያየ፣ ምስሉን የሚያነበው ሐኪም (ራዲዮሎጂስት) የልብ ድካም እንዳለ ካልተነገረው ካንሰር ሊጠረጥር ይችላል፤ ፈሳሹም እውነተኛዋን ትንሽ ነጥብ ሊሸፍናት ይችላል። የሳንባ ምች የያዘው ሰው ደግሞ ከዳነ በኋላ 12 ሳምንት ያህል ይቆይ። አሚዮዳሮን የሚባለውን የልብ ምት መድኃኒት የሚወስድ ሰው መውሰዱን ያስጽፍ፤ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ሳንባ ላይ ጠባሳና ነጠብጣብ ያመጣል።

እስካሁን የተነጋገርነው ምንም ስለማይሰማው ሰው ነው። ምልክት ያለው ሰው ቅድመ ምርመራ የሚባለውን አልፎታል፤ ወዲያው እንደ ታማሚ መታየት አለበት። ደም የቀላቀለ አክታ፣ ከ3 ሳምንት ያለፈ ወይም ጠባዩን የለወጠ ሳል፣ ያለ ምክንያት የሚቀንስ ክብደት፣ የማይለቅ የድምፅ መጎርነን፣ አንድ ቦታ ላይ የማይተው የደረት ወይም የትከሻ ሕመም፣ ይህ ሁሉ ዓመታዊ ቀጠሮ አይጠብቅም።

ልብ ሕመምተኛ ላይ ሳል ሁለት ወጥመድ አለው። አንዱ ኢናላፕሪል ነው። ይህ የደም ግፊትና የልብ ድካም መድኃኒት፣ እንደ ካፕቶፕሪልና ሊሲኖፕሪል ያሉ ዘመዶቹም፣ ከሚወስዱት ሰዎች በአንዳንዶቹ ላይ ጉሮሮ የሚከረክር ደረቅ ሳል ያመጣሉ። ሐኪሙ ወደ ሎሳርታን ወይም ወደ መሰሉ ሲቀይረው ሳሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይለቃል፤ አንዳንዱ ላይ እስከ 3 ወር ይቆያል። ተቀይሮም ካልለቀ ወይም መጀመሪያውኑ አክታ ያለው ከሆነ «የመድኃኒቱ ነው» ብሎ መተው አይገባም። ታማሚውም በራሱ ፈቃድ ኢናላፕሪሉን እንዳይጥል፤ የልብ ድካሙ ይመለስበታል። ሁለተኛው ወጥመድ ቲቢ ነው። ኢትዮጵያ ቲቢ በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ በመሆኗ፣ የሚያስል ሰው አክታው የቲቢን ተህዋስ በሚለየው በጂን ኤክስፐርት መሣሪያ መታየቱ ትክክል ነው። ስሕተቱ የሚመጣው አክታው ነጻ ሆኖ በራጅ ብቻ የቲቢ መድኃኒት የተጀመረለት አጫሽ ሁለት ወር ሞልቶት ሳይሻለው፣ መድኃኒቱ እየተቀጠለ ዝም ሲባል ነው። እዚያ ላይ ቤተሰብ ተነሥቶ «ሲቲ ስካን አያስፈልገውም ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ምርመራውን ለማድረግ ተወሰነ እንበል። ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ ሌላ ቦታ የልብ ክትትል ያለው ሰው ማዘዣውን ከሚከታተለው ሐኪም ይቀበል፤ ካርዱ ላይ ያለው የልብ ታሪክ አብሮ መሄድ አለበት። ማዘዣው ላይ «የደረት ሲቲ ስካን» ብቻ ተጽፎ ከሄደ መደበኛው ይነሣል፤ ስሕተት የሚበዛውም እዚሁ ላይ ነው። መደበኛው የደረት ሲቲ ስካን 7 ሚሊሲቨርት ገደማ ጨረር ሲሰጥ፣ የቅድመ ምርመራው 1.5 ገደማ ነው። አንድ ሰው ከተፈጥሮ አካባቢው በዓመት በአማካይ የሚያገኘው 2.4 ያህል ነው። በየዓመቱ የሚደጋገም ምርመራ ስለሆነ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ማዘዣው ላይ «በአነስተኛ ጨረር፣ ያለ ኮንትራስት፣ ለሳንባ ካንሰር ቅድመ ምርመራ» የሚል (ኮንትራስት በደም ሥር የሚሰጥ ማቅለሚያ ነው)፣ ፓኮ-ዓመቱ፣ ማጨስ ያቆመበት ዓመት፣ የልብ ሕመሙ ዓይነት፣ ስቴንት ካለው የገባበት ወር፣ ቀድሞ ቲቢ ታክሞ ከሆነ ዓመቱ ይጻፍ።

ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ወደምትሄዱበት የምርመራ ማዕከል ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። መሣሪያው 16 ስላይስ ወይም ከዚያ በላይ ነው? በአነስተኛ ጨረር ማንሣት ይችላሉ? ምስሉን በሲዲ ወይም በፍላሽ ይሰጣሉ? ለባለሙያው የሚጠቅም ልክ ደግሞ ይኸው፦ መካከለኛ ሰውነት ላለው ሰው የጨረሩ መጠን ከ3 ሚሊግሬይ እንዳይበልጥ፣ የምስሉ ውፍረት ከ2.5 ሚሊሜትር እንዳያልፍ፣ ቢቻል 1 ሚሊሜትር እንዲሆን። ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር ሆኖ ከተነሣ ትንንሾቹ ነጥቦች በመካከል ያመልጣሉ፤ ቢታዩም እድገታቸውን በሚቀጥለው ዓመት በትክክል መለካት አይቻልም። ፊልሙ ብቻ ተሰጥቶ መሄድም እንደዚሁ ነው፤ ፊልም ላይ የታተመን ምስል በሚሊሜትር ማወዳደር አይሆንም። ሲዲው ቤት ውስጥ ከመድኃኒት ወረቀቶች ጋር ይቀመጥ፤ በየዓመቱ አብሮ ይሂድ።

የምርመራው ቀን ቀላል ነው። ኮንትራስት ስለማይሰጥ መጾም አያስፈልግም፤ ኩላሊቱ የደከመም፣ የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚን የሚወስድም ይችላል። የልብ መድኃኒት እንደ ወትሮው ይወሰድ። ስቴንት፣ የብረት ቫልቭም ሆነ የልብ ምት ማስተካከያ ለሲቲ ስካን አይከለክልም፤ ሰው የሚያምታታው ከኤም አር አይ ጋር ነው። የአንገት ሐብል፣ የብረት መስቀል፣ በብረት የተለበጠ ክታብ፣ የጡት መያዣ ይወልቃል። በጀርባ ተኝቶ እጅን ከራስ በላይ ዘርግቶ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ትንፋሽ መያዝ ነው የሚፈለገው። ለልብ ሕመምተኛ አስቸጋሪው ይኸው ነው፤ ጠፍጣፋ ላይ 5 ደቂቃ መተኛት የማይችል ከሆነ ለባለሙያው አስቀድሞ ይንገረው፤ እንዲያውም ይህ ራሱ ልቡ ገና እንዳልተረጋጋ ምልክት ስለሆነ ቀኑ ቢዛወር ይሻላል። ትንፋሽ ያልተያዘበት ምስል ይደበዝዛል፤ ይደገማል።

ውጤቱ ሲመጣ «ኖጁል» የሚል ቃል ማየት አያስደንግጥ። ሳንባ ውስጥ የሚታይ ትንሽ ክብ ነጥብ ነው። በአሜሪካው የሲቲ ስካን ጥናት ከእያንዳንዱ 4 ምርመራ በአንዱ ገደማ የሚያጠራጥር ነገር ተገኝቶ ነበር፤ ከእነዚያ ውስጥ ከ96 በመቶ በላይ የሚሆነው ካንሰር አልነበረም። ቲቢ በሚበዛበት አገራችን ከድሮ ሕመም የቀረ ጠባሳ ደግሞ የበለጠ ይጠበቃል። ሙሉ በሙሉ ወይም መሃሉ ላይ ካልሲየም የያዘ ነጥብ በአብዛኛው የዳነ ቁስል ነው። በመጀመሪያ ምርመራ ላይ ጠጣር ኖጁል ከ6 ሚሊሜትር በታች ከሆነ በዓመቱ መመለስ ይበቃል። ከ6 እስከ 8 ባለው መካከል ከሆነ በ6 ወር ይደገማል። ከ8 እስከ 15 ባለው ከሆነ በ3 ወር ይደገማል ወይም ተጨማሪ ምርመራ ይታከላል። 15 እና ከዚያ በላይ የሆነ ወዲያው ይመረመራል። ሪፖርቱ «ትንሽ ኖጁል ታይቷል» ብሎ መጠኑንና ያለበትን የሳንባ ክፍል ካልጻፈ እንዲጻፍ መልሳችሁ ጠይቁ፤ ያለ ቁጥር የሚቀጥለው ቀጠሮ ሊወሰን አይችልም።

በራዲዮሎጂስቱ እጅ ውስጥ ያለው ምስል ልብንም ያሳያል፤ ይህ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል። የልብ ደም ሥር ላይ የተከማቸው ካልሲየም የለም፣ ጥቂት፣ መካከለኛ ወይም ብዙ ተብሎ መገለጽ ይችላል። የዋናው ደም ሥር የአኦርታ ስፋት ይታያል፤ ከልብ የሚወጣው ክፍሉ 40 ሚሊሜትር ካለፈ ክትትል ይፈልጋል። ወደ ሳንባ የሚሄደው ትልቁ ደም ሥር ከ30 ሚሊሜትር ገደማ በላይ ከሰፋ የሳንባ ደም ግፊት ያስጠረጥራል። በልብ ሽፋን ያለ ውኃና በሲጋራ የተበላ ሳንባም፣ ማለትም ኤምፊዚማ፣ ይታያሉ። ስትሮክ ወይም የእግር ደም ሥር መጥበብ እንጂ የልብ ሕመም የለበትም ተብሎ በሚታሰብ ሰው ላይ ብዙ ካልሲየም መገኘቱ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ እንደ አቶርቫስታቲን ያለ የኮሌስትሮል መድኃኒት በበቂ መጠን እየወሰደ ነው ወይ? «ኮሌስትሮሌ ደኅና ነው ተብዬ አቆምኩት» የሚል ሰው ብዙ ነው። መድኃኒቱ የሚሰጠው ቁጥሩን ለማሳመር ብቻ ስላልሆነ፣ ቁጥሩ ስላማረ አይቆምም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለብዙ ልብ ሕመምተኛ አጫሾች ከዚህ ምስል የሚገኘው ትልቁ ትርፍ ይህኛው ገጽ ነው። ውጤቱን ለልብ ሐኪማችሁ ሳታሳዩ አታስቀምጡት።

ናሙና መውሰድ ከተባለ የመጀመሪያው ንግግር ስለ ደም ማቅጠኛ ነው። በመርፌ የሚወሰድ የሳንባ ናሙና ከ5 ሰው በአንዱ ገደማ ላይ አየር ወደ ሳንባ ሽፋን እንዲያመልጥ ያደርጋል፤ ጥቂቶቹ ቱቦ ይገባላቸዋል። ሳንባውም ልቡም የደከመ ሰው ይህን የሚቋቋምበት አቅሙ ትንሽ ነው። ክሎፒዶግሬል ብዙውን ጊዜ 5 ቀን ቀድሞ ይቆማል፤ አስፒሪን ብዙ ጊዜ አይቆምም፤ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የደሙን መቅጠን የሚያሳየው አይ ኤን አር የተባለው ምርመራ ታይቶ ነው፤ የብረት ቫልቭ ያለው ደግሞ በምትኩ በመርፌ የሚሰጥ ማቅጠኛ ሊያስፈልገው ይችላል። ይህን የሚወስነው የልብ ሐኪሙ ከናሙና ወሳጁ ጋር ሆኖ ነው። «ነገ ናሙና ይወሰዳል» ሲባል ኪኒኑን በገዛ እጁ የተወ ሰው ከካንሰሩ በፊት በልቡ ሊሞት ይችላል። ነጥቧ ትንሽ ከሆነች 3 ወር ጠብቆ ደግሞ ማየት ለልብ ሕመምተኛ ከናሙናው የበለጠ ደኅና መንገድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ካንሰር መሆኑ ከተረጋገጠ ጉዞው በአብዛኛው ወደ አዲስ አበባ ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሲዲውን፣ የናሙናውን መልስ፣ የቅርብ ኢኮውን፣ የመድኃኒቶቹን ዝርዝር ከነመጠናቸው፣ የስቴንቱን ቀን የያዘውን ወረቀት አንድ ላይ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ ሲጎድል ቀጠሮው በሳምንታት ይገፋል። ልቡ ደክሟል ተብሎ ወዲያው ተስፋ አይቆረጥ። ካንሰሩ 2 ሴንቲሜትርና ከዚያ በታች ሆኖ ወደ ሊምፍ ዕጢ ካልዘለቀ፣ የሳንባውን አንድ ሙሉ ክፍል ከማውጣት ይልቅ ቁራጩን ብቻ ማውጣት ለዕድሜ የማያንስ ውጤት እንዳለው በ2022 እና በ2023 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች አሳይተዋል። ቀዶ ሕክምናን ጨርሶ ለማይችል ሰው በትክክል ያነጣጠረ የጨረር ሕክምና አማራጭ ነው፤ ለጨረር ሕክምና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ዋና ቦታ ሆኖ ቆይቷል።

ይህ ሁሉ እየተደረገ ሲጋራው ከቀጠለ ግን ዋናው ሕክምና ቀርቷል ማለት ነው። የልብ ደም ሥር ሕመም ያለበት ሰው ማጨስ ሲያቆም የመሞት ዕድሉ ከማያቆመው ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ያህል ይቀንሳል፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከጠቀስኩት ምርመራ ሁሉ የሚበልጥ ቁጥር ነው። ንጹሕ ውጤት ተቀብሎ «እንኳን ነጻ ሆንኩ» ብሎ አንዲት ማቀጣጠል በጣም የተለመደ ነው፤ ስለዚህ የማቆሚያው ቀን ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ይቆረጥ። የኒኮቲን ማስቲካ፣ ፕላስተር፣ ቡፕሮፒዮን ወይም ቫሬኒክሊን ሕመሙ ለተረጋጋ የልብ ታማሚ ሊሰጡ ይችላሉ፤ የትኛው እንደሚገኝ ሐኪሙንና ፋርማሲውን ጠይቁ። ረመዳንን ቀኑን ሙሉ ሳያጨስ የሚውል ሰው ማታ ላይ አለመጀመርን ቢሞክር፣ ከግማሽ መንገድ ነው የሚነሣው። ጫቱ ሳይተው ሲጋራውን ብቻ መተው ለብዙዎች አይሆንም፤ ለልቡም ቢሆን ሁለቱም ቢቀሩ ነው የሚሻለው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ማጨስ ሲያቆም መድኃኒቱ ሊበረታበት ስለሚችል፣ ባቆመ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ አይ ኤን አር ያስለካ።

ምርመራው ንጹሕ ለሆነለት ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ይቀጥላል። በየዓመቱ ከቀጠሮው በፊት ግን ያ የመጀመሪያ ጥያቄ እንደገና ይጠየቅ፤ አምና ዳገት የሚወጣ ሰው ዘንድሮ ላይችል ይችላል። 80 ዓመት ሲያልፈው፣ ካቆመ 15 ዓመት ሲሞላው፣ ወይም ልቡ ቀዶ ሕክምናን የማይችልበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ሐኪሙ ምርመራውን ያቁምለት፤ የማቆሙንም ምክንያት ለራሱና ለልጆቹ ቁጭ አድርጎ ያስረዳ።